የካምፐር ድምፅ ማሻሻል፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የምኖረው ቨርጂኒያ ነው። ከመኪና ኋላ የምትጎተት 22 ጫማ ካምፐር፣ ማለትም ተንቀሳቃሽ ማደሪያ ቤት፣ አለችን። ሰመር ሲመጣ ከልጆቹ ጋር ወደ ሸናንዶዋ ተራሮች ይዘናት እንወጣለን። ካምፐሯን እንደገዛን መጀመሪያ ያልተዋጠልኝ ነገር የውስጧ የሙዚቃ ድምፅ ነበር። ሁለት ዓመት ያህል ቀስ እያልኩ ሠራሁት። አሁን ካምፐር የገዛ ወዳጅ ሁሉ ደውሎ የሚጠይቀኝ ነገር ተመሳሳይ ስለሆነ መልሶቹን እዚህ አስቀምጫቸዋለሁ።

ከፋብሪካ የመጣው ድምፅ ለምን ይቀጥናል?

ካቻቢቴ ያዙና አንዱን የጣሪያ ስፒከር ፍቱት። አራት ብሎን ነው። እኔ የፈታሁት እጄ ላይ ሲወርድ ከሲኒ ብዙም አይከብድም ነበር። ከኋላው ያለው ማግኔት የሳንቲም ያህል ነው። ድምፁን የሚያወጣው ወረቀት ስስ ነው። ጠርዙ ላይ ማሸጊያ የሚባል ነገር የለም።

ግን ጥፋቱ የስፒከሩ ብቻ አይደለም። ማንኛውም ስፒከር ወደ ፊት የሚገፋውን ያህል አየር ወደ ኋላም ይገፋል። የኋላው አየር በክፍተት ሾልኮ ከፊቱ ጋር ሲገናኝ ወፍራሙን ድምፅ ያጠፋዋል። የቤት ስፒከር ሳጥን ውስጥ የሚቀመጠው ለዚህ ነው። ካምፐር ውስጥ ስፒከሩ የሚታሰረው ስስ ኮምፔንሳቶ ላይ ነው፣ ከኋላው ያለው ደግሞ ክፍት ጣሪያ ነው። ስለዚህ ከበሮው ይጠፋል፣ ክራሩ ቆርቆሮ ቆርቆሮ ይላል፣ ከዘፋኙ የሚሰማችሁ "ስ" እና "ሽ" ብቻ ይሆናል።

ከምን ልጀምር? ከቴፑ፣ ከስፒከሩ ወይስ ከአምፕሊፋየሩ?

ከስፒከሩ። ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚገዛው አምፕሊፋየር ነው። እኔ ይህን አጥብቄ እቃወማለሁ። ካምፐር ውስጥ ውድ የሆነው ነገር ኤሌክትሪክ ነው። ደካማ ስፒከር ላይ ብዙ ኃይል ብታፈሱ የምታገኙት ደካማ ድምፅ በትልቁ ነው።

ስፒከር ስትገዙ ካርቶኑ ላይ "ሴንሲቲቪቲ" የሚለውን ቁጥር ፈልጉ። በ1 ዋት፣ በ1 ሜትር ርቀት ስንት ዴሲቤል ድምፅ እንደሚያወጣ ይነግራችኋል። አንዱ 86፣ ሌላው 92 ቢል ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል። ትንሽ ግን አይደለም። 3 ዴሲቤል ለመጨመር ኃይሉ እጥፍ መሆን አለበት፣ 6 ለመጨመር ደግሞ አራት እጥፍ። ባለ 92ቱ በ10 ዋት የሚያወጣውን ድምፅ ለማውጣት ባለ 86ቱ 40 ዋት ይፈልጋል። ያ ሁሉ የሚመጣው ከባትሪያችሁ ነው።

ሌላው መለካት ያለበት ጥልቀቱ ነው። የካምፐር ግድግዳ ብዙ ጊዜ ከ2 ኢንች አይበልጥም። ጥሩ ስፒከር ገዝቶ ማግኔቱ አልገባ ብሎት የመለሰ ሰው አውቃለሁ። አሮጌውን ፈትታችሁ በቀዳዳው ውስጥ በማስመሪያ ለኩ፣ ከዚያ ግዙ።

እኔ የሄድኩበት ቅደም ተከተል እንዲህ ነው። መጀመሪያ ስፒከር ቀየርኩ፣ ጠርዙን በስፖንጅ አሸግሁ። ቀጥሎ የሚንቀጫቀጨውን ሁሉ አሰርኩ። ቴፑን የቀየርኩት ከዚያ በኋላ ነው፣ ቤዙ (ወፍራሙን ድምፅ ብቻ የሚያወጣው ስፒከር) ደግሞ መጨረሻ መጣ። ለአራቱ ስፒከሮች የሚሆን የተለየ አምፕሊፋየር እስከ ዛሬ አልገዛሁም፣ አልጎደለኝምም።

ቴፑ ላይ "200 ዋት" ይላል። አይበቃም?

ያ "ማክስ" የሚሉት ቁጥር ነው፣ እርሱት። የምትፈልጉት "አር ኤም ኤስ" የሚለውን፣ ማለትም ያለማቋረጥ የሚሰጠውን ኃይል ነው። አራት ጊዜ 50 ዋት የሚል ቴፕ ለእያንዳንዱ ስፒከር ያለማቋረጥ የሚሰጠው ከ15 እስከ 22 ዋት ያህል ነው። በ12 ቮልት፣ ተጨማሪ መሣሪያ ካልገባ፣ ከዚህ ብዙም ማለፍ አይቻልም። ለአንዲት ትንሽ ክፍል ግን ከበቂ በላይ ነው።

የነበረው ስፒከር 8 ኦም ነው፣ የገዛሁት 4 ኦም። ያስቸግራል?

ኦም ስፒከሩ ኤሌክትሪኩን የሚቋቋምበት መጠን ነው፣ ቁጥሩ ሲያንስ ከቴፑ ብዙ ይስባል። ቴፑ 4 ኦም እችላለሁ የሚል ከሆነ ችግር የለም፣ እንዲያውም ድምፁ ከፍ ይላል። ከኋላው ወይም መመሪያው ላይ ተጽፎ ታገኙታላችሁ።

አደጋው ሌላ ቦታ ነው። አንዳንድ ካምፐር ላይ ሁለት ስፒከሮች ከአንድ መውጫ ላይ ተጣምረው ይታሰራሉ። ሁለት 8 ኦም ጎን ለጎን ሲታሰሩ 4 ይሆናሉ። ሁለት 4 ኦም ሲታሰሩ ግን 2 ይሆናሉ። ቴፑ ይግላል፣ ራሱን ያጠፋል፣ ሲብስም ይቃጠላል። ስለዚህ አሮጌውን ስትፈቱ ገመዱ ወዴት እንደሚሄድ ተከታተሉ። ፎቶ አንሱት።

ለምን በብሉቱዝ ስፒከር አልገላገልም?

በዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ የምትወጡ ከሆነ ተገላገሉ። ጥሩ የብሉቱዝ ስፒከር ከፋብሪካው የጣሪያ ስፒከር ይሻላል። የራሱ ባትሪ አለው፣ ወደ ውጭም ይዛችሁት ትወጣላችሁ። ይህ ሁሉ ጣጣ ካምፐሩ ውስጥ ብዙ ለሚያድር ሰው ነው።

ሙዚቃው ባትሪዬን ጨርሶ በብርድ ቢያሳድረኝስ?

ይህ ተገቢ ፍርሃት ነው። ሸናንዶዋ ፓርክ ውስጥ ያሉት የካምፕ ቦታዎች የመብራት መሰኪያ የላቸውም። ቢግ ሜዶውስ በተባለው የፓርኩ ካምፕ ላይ ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ ያላችሁ ባትሪያችሁ ብቻ ነው።

ሒሳቡን በእጃችሁ ሥሩት። በመካከለኛ ድምፅ የሚሠራ ቴፕ 2 አምፔር ገደማ ይወስዳል። በአንድ ምሽት 4 ሰዓት ብትሰሙ 8 አምፔር ሰዓት ነው። 100 አምፔር ሰዓት የሚል የተለመደው የአሲድ ባትሪ ካላችሁ ልትጠቀሙበት የሚገባው ግማሹን ነው፣ 50 ያህል። ከዚያ በታች ደጋግማችሁ ካወረዳችሁት ዕድሜው ያጥራል። ስለዚህ ሁለት ምሽት ሙዚቃ 16 ወሰደ ማለት ነው። የቀረው ለመብራት፣ ለውኃ ፓምፕና ለማሞቂያው ነው። ባትሪውን የሚበላው በአብዛኛው ማሞቂያው ነው። ጋዝ ቢያቃጥልም አየሩን የሚነፋው ሞተር የሚዞረው በባትሪ ነው፣ የሚወስደውም ከቴፑ በጣም ይበልጣል።

የአሲድ ባትሪ ምንም ሳይሠራበት ለጥቂት ሰዓት አርፎ ሲለካ 12.6 ቮልት ገደማ ካሳየ ሙሉ ነው። 12.1 ላይ ሲደርስ ግማሽ ላይ ናችሁ፣ ሙዚቃውን አቁሙ። ሊቲየም ከሆነ ግን በቮልቱ አትተማመኑ። እስኪያልቅ ድረስ ቁጥሩ ብዙም አይወርድም። የገባውንና የወጣውን የሚቆጥር መለኪያ ያስፈልገዋል።

አንድ ነገር ልጨምር። ከቴፑ ጀርባ ቢጫና ቀይ ገመድ አለ። ቢጫው ሰዓቱንና የሬዲዮ ጣቢያዎቹን እንዲያስታውስ ሁልጊዜ ትንሽ ትንሽ ይጠጣል። ቀዩ የሚሠራው ቴፑ ሲበራ ነው። ካምፐሯ ለሳምንታት ስትቆም የቢጫው ጥማት ይጠራቀማል። ወደ ቤት ስትመለሱ የባትሪውን ማጥፊያ አጥፉ። ሰዓቱ ቢጠፋ ምንም አይደለም።

ሽቦው ላይ መቆጠብ እችላለሁ?

ለስፒከሮቹ 16 ጌጅ (የሽቦ ውፍረት መለኪያ ነው) ሽቦ ይበቃል። ውድ ሽቦ ድምፅ አይጨምርም። መዳብ መሆኑን ግን አረጋግጡ። ገበያ ላይ ያለው ርካሽ ሽቦ ብዙ ጊዜ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው። አንዱን ክር በምላጭ ፋቁት። ከሥሩ ነጭ ከወጣ አሉሚኒየም ነው። በቀላሉ ይሰበራል፣ እርጥበት ሲያገኘው ይበላሻል፣ የሚያስተላልፈውም ከመዳብ ያነሰ ነው። መንገድ ላይ ቀኑን ሙሉ ለሚንገጫገጭ ቤት አይሆንም።

ፊውዝ ላይ ግን በፍጹም አትቆጥቡ። ለቤዝ ወይም ለአምፕሊፋየር ከባትሪ አዲስ ገመድ የምትስቡ ከሆነ ፊውዙ ከባትሪው ከአንድ ክንድ ሳይርቅ ይሁን። ፊውዝ የሚጠብቀው ዕቃውን ሳይሆን ሽቦውን ነው። ገመዱ ግድግዳ ውስጥ ተፍቆ ብረት ቢነካና ፊውዝ ባይኖር፣ የባትሪው ኃይል በሙሉ በዚያ ሽቦ ላይ ያልፋል። ሽቦው ይግላል። ዙሪያው እንጨትና ስፖንጅ ነው፣ ውስጥ የተኙት ደግሞ ልጆች ናቸው። እባካችሁ ይህን ለነገ አትበሉ።

ድምፁ ውስጥ "ዝዝዝ" የሚል ነገር አለ። ከየት ነው?

እኔን ሦስት ወር አሠቃይቶኛል። ቤዙን ያስገባልኝ አንድ ሱቅ ነበር። ከፍዬ ወጣሁ፣ ማታ ቤት ደጃፍ ላይ መብራት ሰክቼ ስከፍተው ከሥሩ ንብ ያለ ይመስል ዝዝ ይላል። ሱቁ "ዕቃው ነው" አለኝ። ዕቃው አልነበረም። ኔጋቲቩን ግድግዳው ላይ ካለች አንዲት ብሎን ጋር አስረውት ነበር።

መኪና ላይ ይህ ይሠራል፣ ምክንያቱም የመኪናው አካል ሁሉ ብረት ነው። የካምፐር ግድግዳ ግን ብዙ ጊዜ እንጨት ነው፣ ከላይ ስስ አሉሚኒየም ወይም ፋይበር ግላስ የለበሰ። ብሎኗ ባትሪው ጋ የምትደርስበት አስተማማኝ መንገድ የላትም። ኔጋቲቩን በራሱ ወፍራም ገመድ እስከ ባትሪው ኔጋቲቭ ድረስ ስቤ ሳስረው ዝዝታው በዚያው ሰዓት ጠፋ።

የእናንተ በዚህ ካልጠፋ በተራ አጥፍታችሁ ሞክሩ። መጀመሪያ ከውጭ የሚመጣውን መብራት ንቀሉ። ዝዝታው ከቆመ 120 ቮልቱን ወደ 12 የሚቀይረው ኮንቨርተር ነው። ካልቆመ የኤል ኢ ዲ መብራቶቹን አንድ በአንድ አጥፉ፣ ከዚያ የሶላሩን መቆጣጠሪያ። ሬዲዮ ላይ ብቻ የሚሰማ ከሆነ ከሞላ ጎደል ጥፋተኞቹ ርካሽ መብራቶች ናቸው።

የከበሮው ምት እንዲሰማኝ እፈልጋለሁ። ቤዝ የት ይቀመጣል?

የመመገቢያ ጠረጴዛው አግዳሚ ወንበር ሥር። አምፕሊፋየሩ አብሮት ያለ፣ ለመኪና ወንበር ሥር የተሠራ ባለ 8 ኢንች ጠፍጣፋ ቤዝ ይበቃል። "ክላስ ዲ" የሚል ፈልጉ። ከአሮጌዎቹ ዓይነቶች ይልቅ ከባትሪ የወሰደውን አብዛኛውን ወደ ድምፅ ይለውጣል፣ ሙቀቱም ትንሽ ነው። ቤዙን ወደ ማዕዘን ባስጠጋችሁት ቁጥር ድምፁ ይወፍራል፣ ያለ ተጨማሪ ኃይል። ቤዙ ከየትኛው ድምፅ በታች ብቻ እንደሚጫወት የሚወስነውን መቁረጫ 80 ኸርዝ አካባቢ አድርጉት (ኸርዝ የድምፅ ውፍረትና ቅጥነት መለኪያ ነው፣ ቁጥሩ ሲያንስ ድምፁ ይወፍራል)። ቴፑ የሚፈቅድ ከሆነ ደግሞ ትንንሾቹ ስፒከሮች ከ80 በታች ያለውን እንዳይጫወቱ አድርጉ። የማይችሉትን ሸክም ስታወርዱላቸው የዘፋኙ ድምፅ ይጠራል።

ቀድሞ የሚንቀጫቀጨውን አስሬ የጨረስኩ ቢመስለኝም፣ ቤዙ የገባ ዕለት ማታ ግን ከሙዚቃው ይልቅ የሰማሁት ካምፐሯን ነው። የሹካ መሳቢያው፣ የመስኮት መጋረጃው፣ የምድጃው ፍርግርግ፣ ቁም ሳጥን ውስጥ ያሉት ሲኒዎች፣ ሁሉም ከበሮ ሆኑ። መፍትሔው ትዕግሥት ነው። ስልካችሁ ላይ አንድ ወጥ ድምፅ የሚያወጣ መተግበሪያ ጫኑና በቴፑ በኩል አጫውቱት። ከ40 ኸርዝ ጀምራችሁ እስከ 120 በጣም በዝግታ ከፍ አድርጉ። አንድ ቦታ ላይ አንድ ነገር መንቀጥቀጥ ይጀምራል። እዚያው አቁሙትና በመዳፋችሁ ግድግዳውን፣ በሩን፣ መሳቢያውን እየነካችሁ ሂዱ። ስትነኩት ጸጥ ያለው እሱ ነው። ተለጣፊ ስፖንጅ አድርጉለት፣ ብሎኑን አጥብቁ፣ ቀጥሉ። እኔ ግማሽ ቀን ፈጅቶብኛል። ለሲኒዎቹ በመካከላቸው ፎጣ አስገባሁ። ከስፒከሮቹ ኋላ ደግሞ ቡቲል የተባለውን ከባድ ተለጣፊ ምንጣፍ ኮምፔንሳቶው ላይ ለጠፍኩ። ለድምፁ ከገዛሁት ነገር ሁሉ ይህ ርካሽ ምንጣፍ ያመጣው ለውጥ ይበልጣል ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

የበገና መዝሙር ስከፍት ስፒከሩ የተቀደደ ይመስላል። ተበላሽቷል?

በዐቢይ ጾም ከተጠየቅኳቸው ሁሉ የምወደው ጥያቄ ይህ ነው። የበገና ድምፅ ራሱ ይነዝራል። በአውታሩና በብርኩማው መካከል እንዚራ የምትባል ቁራጭ ቆዳ ትገባለች፣ ያ የሚያጉረመርም ድምፅ የሚመጣው ከእሷ ነው። በአሮጌው ስፒከር የታችኛው ድምፅ ስለማይወጣ ንዝረቱ ብቻውን ይቀርና የተቀደደ ወረቀት ይመስላል። ጥሩ ስፒከር ላይ ከሥሩ ያለው ወፍራም ድምፅ ሲመለስ ንዝረቱ ቦታውን ያገኛል።

መጠርጠር ካላቆማችሁ ቴፑን አጥፉና የስፒከሩን ወረቀት በአራት ጣት እኩል አድርጋችሁ በቀስታ ወደ ውስጥ ግፉት። የሚፍቅ ድምፅ ካሰማ በእርግጥም ሄዷል። ጸጥ ካለ የሰማችሁት በገናውን ነው።

ውጭ ግድግዳ ላይ ያለውንስ?

ለጀልባ የተሠራ ስፒከር ግዙ። በወረቀቱ ፈንታ ፕላስቲክ፣ ጠርዙ ላይም ጎማ ስላለው ፀሐይና ዝናብ ይችላል። ስታስገቡት ከፍሬሙ ሥር የቡቲል ተለጣፊ ማሸጊያ ዙሩበት። ገመዱ ከቀዳዳው በታች ጎንበስ ብሎ ከዚያ ይውጣ፣ ውኃ ከመጣ ወደ ስፒከሩ ሳይሆን ወደ ታች ይንጠባጠባል። የካምፐር ግድግዳ ውስጥ የገባ ውኃ እንጨቱን ያበሰብሰዋል። ስለዚህ አዲስ ቀዳዳ ከመብሳት የነበረውን መጠቀም ይመረጣል።

ፍላሽ ላይ ያሉት መዝሙሮች ስማቸው አራት ማዕዘን ሆኖ ይታያል።

ብዙ ቴፖች የግዕዝ ፊደል የላቸውም። ፋይሎቹን በላቲን ፊደል ወይም በቁጥር ሰይሙ። ፍላሹ ጨርሶ ካልተነበበ ፋት 32 በሚለው ቅርጽ አዘጋጁት። ተራራ ላይ ኔትወርክ ስለሚቆራረጥ ሙዚቃውን ከቤት አውርዳችሁ ውጡ።

ራሴ ልሠራው እችላለሁ?

ስፒከርና ቴፕ መቀየር ትችላላችሁ። ካቻቢቴ፣ ፒንሳና ናስትሮ በቂ ነው። ከመጀመራችሁ በፊት የውጭውን መብራት ንቀሉ፣ የባትሪውንም ኔጋቲቭ ፍቱ። ግድግዳው ውስጥ 120 ቮልት የያዘ ገመድ ሊኖር ይችላል። ትራፓኖ ከማንሳታችሁ በፊት በቀዳዳው ውስጥ በእጅ መብራት ተመልከቱ። ከባትሪ አዲስ ገመድ መሳብ ግን ልምድ ካለው ሰው ጋር ይሁን።

ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ የትኛው እንደሆነ ከጠፋባችሁ ገመዱን ከቴፑ ንቀሉና ጫፎቹን የሪሞት ድንጋይ ላይ ለአፍታ ነካ አድርጓቸው። ወረቀቱ ወደ ውጭ ከዘለለ የድንጋዩን ፖዘቲቭ የነካው ገመድ ፖዘቲቭ ነው። ወደ ውስጥ ከገባ ተገልብጧል። አንዱ ስፒከር ብቻ ተገልብጦ ከታሰረ ሁለቱ እርስ በርስ ይጣላሉ፣ ወፍራሙም ድምፅ ይጠፋል። ዕቃው ሁሉ ጥሩ ሆኖ ድምፁ ባዶ የሚሆንበት የተለመደ ምክንያት ይህ ነው።

ካምፕ ላይ ምን ያህል ልክፈተው?

በአሜሪካ ብሔራዊ ፓርኮች ደንቡ የተጻፈ ነው። በ50 ጫማ ርቀት ላይ ከ60 ዴሲቤል ማለፍ አይፈቀድም፣ ከዚያ ቢያንስም የሚረብሽ ከሆነ ያው ጥፋት ነው። በካምፕ ቦታዎች ደግሞ በአሜሪካ ሰዓት ከምሽቱ 10 እስከ ጠዋቱ 6፣ በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12፣ የጸጥታ ሰዓት ነው። 60 ዴሲቤል ማለት ፊት ለፊት ተቀምጦ እንደ ማውራት ነው።

መለኪያ አያስፈልግም። የውጭውን ስፒከር ክፈቱና ወደ ጎረቤት ድንኳን 20 እርምጃ ያህል ተራመዱ። ቁሙና አዳምጡ። የዘፈኑን ግጥም መለየት ከቻላችሁ ተመለሱና ቀንሱት።